ከዐማራት የሚላከው «ሚሊዮን»

«እማዬ፣ ዘንድሮስ ደመወዜን ሁለት ሚሊዮን አደረሱልኝ!» የሚል ቃል ከካርቱም በስልክ ሲሰማ የእናት ልብ በደስታ ቢመታ የሚያስደንቅ አይደለም። ወሬው ከቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ዕድር ይሻገራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሐዋላ የደረሰው ገንዘብ ሲቆጠር የግማሽ ኩንታል ጤፍ ዋጋ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሲገኝ ግን ደስታው በጥርጣሬ ይተካል። «ሁለት ሚሊዮን እያገኘች ለወለደቻት እናቷ ይህን ትልካለች?» ይባላል። በግዳጅ ላይ የሚገኘው ወንድምም የሰማውን ይዞ ከሩቅ ሆኖ ይቆጣል። ልጅቷ በበኩሏ የሆነውን ለማስረዳት ትሞክራለች፤ ይሁንና የስልኩ ሒሳብ ከማስረዳቷ በፊት ያልቃል።

በምዕራቡ ጠረፍና በጎንደር ዙሪያ የኖሩ የሠራዊቱ ቤተሰቦች ይህን ዓይነቱን ቅያሜ በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ የዛሬው የቤተሰብ ዓምድ ያች «ሚሊዮን» ምን እንደ ነበረችና ባለፉት ዓመታት ምን እንደ ደረሰባት ይመለከታል። መልሱ የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን በሠሩበት በካርቱሙ የዐማራት ሠፈር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። አዲስ ገቢ የሆነ የአገራችን ሰው «ዐማራት» ሲባል ሰምቶ ሠፈሩ በዐማሮች የተቆረቆረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው «ፎቆች» ወይም «ሕንፃዎች» ማለት ነው። ሠፈሩ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምዕራብ የተዘረጋ፣ መንገዶቹም 15ኛ፣ 41ኛ፣ 61ኛ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ ነው። ኤምባሲዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶችና የባለጸጎች መኖሪያዎች የሚበዙበት ስለ ነበር ለቤት ሠራተኛ፣ ለምግብ አብሳይ፣ ለልጅ ጠባቂና ለዘበኛ ሥራ አያጣም ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው ግን በዚያ ለመከራየት አቅም ስለማይኖራቸው፣ በአሠሪያቸው ግቢ ካላደሩ በቀር አቅራቢያው ባለው በዴም፣ አለዚያም ራቅ ብሎ በጀሪፍ፣ ለሦስትና ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ቡናው በጀበና የሚፈላው፣ እንጀራውም የሚጋገረው በእነዚያ ሠፈሮች ነው።

አሁን ወደ ሚሊዮኗ እንመለስ። የሱዳን መንግሥት በ1984 ዓ.ም. ዲናር የተባለ ገንዘብ ሲያወጣ አንዱን ዲናር በ10 አሮጌ ፓውንድ ተመነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ዲናሩን ሽሮ አዲስ ፓውንድ ሲያወጣ አንዱን አዲስ ፓውንድ በ100 ዲናር ተካው። እንግዲህ አንድ አዲስ ፓውንድ የ1,000 አሮጌ ፓውንድ ምትክ ሆነ ማለት ነው። የካርቱም ሕዝብ ወረቀቱን ተቀበለ እንጂ አቆጣጠሩን አልለወጠም። አንዱን አዲስ ፓውንድ «ሺህ»፣ 1,000ውን ፓውንድ ደግሞ «ሚሊዮን» እያለ መጥራቱን ቀጠለ። የእኛም ልጆች ቋንቋውን ከገበያ ተምረዋልና እንደ ገበያው ተናገሩ። ስለዚህ ያች «ሁለት ሚሊዮን» በወረቀቱ ላይ የተጻፈችው 2,000 ፓውንድ ናት። ልጅቷ አልዋሸችም፤ እናትም አልተሳሳተችም። የተቀያየሙት በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉ ተፈትቶም ቢሆን ነገሩ አያልቅም። ያች አንድ ሚሊዮን፣ ማለትም 1,000 ፓውንድ፣ ራሷ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሟች ሄዳለችና። በ1999 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2 ፓውንድ ገደማ በነበረበት ጊዜ ሚሊዮኗ 500 ዶላር ያህል ትመነዘር ነበር፤ በዚያ ዘመን የብር ምንዛሬ ከ4,000 ብር በላይ መሆኗ ነው። በ2006 ዓ.ም. መንግሥታዊው ተመን አንዱን ዶላር 5 ፓውንድ ከ70 ሲያደርሰው ሚሊዮኗ ወደ 175 ዶላር ወረደች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ተመኑ 47 ፓውንድ ተኩል ሲሆን 21 ዶላር ቀረች፤ ከ600 ብር በታች ማለት ነው። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የካርቱም መንግሥት ተመኑን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ባወጣው ዕለት ደግሞ ሚሊዮኗ 3 ዶላር እንኳ ሳትሞላ ቀረች፤ በብር ሲሰላ 110 ብር አትደርስም።

በዚህ ላይ አንድ ማስተዋል ያስፈልጋል። ያ የየካቲት ውሳኔ ገንዘቡን በአንድ ሌሊት የገደለው የሚመስላቸው አሉ። እንዲያ አይደለም። በጥቁር ገበያ ዶላሩ ቀደም ብሎ ከዚያ ዋጋ አጠገብ ደርሶ ነበርና ባንኩ ያደረገው ነገር ቢኖር ገበያው ያወቀውን ማመን ነው። ገንዘብ ላኪዋ ልጅም ወትሮ ትመነዝር የነበረው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነው። በባንክ ተመን ብቻ የሚያሰላ ቤተሰብ ግን የልጁን ገቢ ለዓመታት ከእውነቱ አብዝቶ ሲገምት ኖሯል። ቅያሜው የተጠነሰሰው አንዱ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለውድቀቱ መነሻ የሆነውን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፦ ሱዳን ከ1991 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ነዳጅ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ዐማራትን በአዲስ ፎቅ የሞላው፣ ኪራዩንም ወደ ዶላር የወሰደው ይኸው የነዳጅ ገንዘብና ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ በብዛት የገቡት የውጭ ድርጅቶች ናቸው። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ስታውጅ ከነዳጁ ሦስት አራተኛው ያህል ወደ ደቡብ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዶላር እያነሰ፣ ፓውንዱም እየወደቀ መሄዱ የማይቀር ሆነ። በመስከረም 2006 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማ ባነሣ ጊዜ የቤንዚን ጋሎን ከ12 ፓውንድ ተኩል ወደ 21 ገደማ ዘለለ፤ ካርቱምም ታመሰች። በ2010 ዓ.ም. የዳቦ ዋጋ ወደ 1 ፓውንድ ዕጥፍ ሆነ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአትባራ ከተማ አንዱ ዳቦ 3 ፓውንድ መድረሱን በመቃወም የተነሣው ሕዝብ እንቅስቃሴ አራት ወር ሳይሞላው ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽርን ከሥልጣን አወረደ። ያው ዳቦ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. 50 ፓውንድ ሲሸጥ ነበር።

አረጋውያን አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ ሳይስቁ አይቀሩም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ የሱዳን ፓውንድ በመንግሥት ተመን ከሁለት ዶላር ተኩል በላይ፣ በእኛም ገንዘብ ስድስት ብር ገደማ ያወጣ ነበርና። በገዳሪፍ እርሻ ለአጨዳ የወረደ ጎልማሳ በሬ ገዝቶ ይመለሳል ይባል የነበረው በከንቱ አልነበረም።

በዐማራት ጎዳናዎች የኑሮው ውድነት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ አጥር በሚለያዩ ሁለት ግቢዎች የሚሠሩ ሁለት እኅቶችን እናስብ። አንዷ የውጭ አገር ዲፕሎማት ቤት ገብታ ደመወዟ በዶላር ይከፈላል፤ ሌላዋ ከአገሬው ቤተሰብ ዘንድ በፓውንድ ትሠራለች። የልብስ ማጠቢያው ሳሙና፣ የሚጠበቀው ሕፃን፣ የሚነሡበት ሰዓት አንድ ነው። ፓውንዱ በወደቀ ቁጥር ግን የመጀመሪያዋ በተመሳሳይ ዶላር የበለጠ ስኳርና ዘይት ስትገዛ ሁለተኛዋ በተመሳሳይ ፓውንድ ያነሰ ትገዛለች። በእርግጥ የሁለተኛዋም ደመወዝ ይጨመርላታል። ጭማሪው ግን ሁልጊዜ ከዋጋው ኋላ እየተጎተተ የሚመጣ ነው፤ አሠሪዋም ራሱ በፓውንድ የሚኖር መምህር ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላልና ከየት ያምጣ? በአገር ቤት ያሉ ወላጆች የሁለቱን ልጆች ስጦታ ሲያነጻጽሩ አንዷን ትጉህ፣ ሌላዋን አባካኝ ማለታቸው ፍርደ ገምድልነት ነው።

በመንገድ ዳር ሻይና ቡና አፍልተው የሚሸጡት ወገኖች ችግር ደግሞ ለየት ይላል። ቡናው፣ ስኳሩና ከሰሉ የሚገዛው በዛሬ ዋጋ ነው። ሲኒው የሚሸጠው ግን ደንበኛው በለመደው በትናንቱ ዋጋ ነው። ዋጋ ቢጨምሩ ደንበኛው ወደሚቀጥለው ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ባይጨምሩ የነገው ስኳር መግዣ አይገኝም። እንጀራም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ጤፍ ከአገራችን በመተማ በኩል ስለሚገባ ዋጋው የዶላሩንም፣ የመንገዱንም ሁኔታ ይከተላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የገላባት በር ለጥቂት ሳምንታት እንደ ተዘጋው ያለ ነገር ሲያጋጥም ጤፉ ይጠፋል። ያን ጊዜ ባለሙያዋ ፈተሪታ የተባለውን የሱዳን ማሽላ ቀላቅላ ትጋግራለች። ቀለሙና ልስላሴው ከጤፉ ይለያል፤ ረኃብን ግን ያስታግሣል።

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የምንወደው የእቁቡን ነገር ነው፤ በጦር ሰፈራችን ያሉ እናቶችም እቁብተኞች ናቸውና። በካርቱም ያሉ ወገኖቻችን እንደ አገራቸው ልማድ እቁብ ይጥሉ ነበር። ሱዳናውያኑም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ «ሰንዱቅ» ይሉታል። አሥራ ሁለት እኅቶች በየወሩ አንድ አንድ ሚሊዮን ይጣሉ እንበል። ዕጣ የደረሳት በየተራ 12 ሚሊዮን ትወስዳለች። ዋጋው በማይናወጥ አገር የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ እኩል ይጠቀማሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግን በሱዳን የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር፤ ይህም ማለት ዓምና በአንድ ፓውንድ የተገዛው ዕቃ ዘንድሮ ከአምስት ፓውንድ በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያዋ ባለ ዕጣ በ12 ሚሊዮኗ ማቀዝቀዣ ገዝታ ከሆነ፣ የመጨረሻዋ በዚያው 12 ሚሊዮን የምትገዛው የመጀመሪያዋ ከገዛችው አንድ አምስተኛውን ገደማ ብቻ ነው። ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ታማኝ ናቸው። ሆኖም የመጨረሻዋ እኅት የአሥራ ሁለት ወር ላቧን ለቀደሟት ዐሥራ አንድ ጓደኞቿ ሳታውቅ አከፋፍላለች። ዋጋ በሚሮጥበት አገር እቁብ ሊጣል የሚገባው በየወሩ ሳይሆን በየሳምንቱ፣ ከተቻለም በወርቅ ወይም በማይናወጥ ገንዘብ ነው። በእጇ ላይ ወርቅ ያደረገች ልጅ ስትታይ «ጌጥ ወዳድ» ብለው የሚያሙ አሉ፤ ለብዙዎቹ ግን የእጅ አምባሩ ባንካቸው ነበር።

«ባንክስ ምን ሆነ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ እስከ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ጸንቶ ስለ ቆየ ከካርቱም በባንክ ገንዘብ መላክ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ምክንያት ላኪዋ ፓውንዷን በካርቱም ለአንድ ነጋዴ ትሰጣለች፤ የነጋዴው ሸሪክ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ብሩን ለቤተሰቧ ይቆጥራል፤ በመካከሉ ድንበር የሚሻገር ገንዘብ የለም። ይህ አሠራር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ተመኑን የሚቈርጠው ነጋዴው በመሆኑ ላኪዋ የመከራከር ዐቅም የላትም። ኋላም ማዕቀቡ ሲነሣ ሌላ ጣጣ መጣ። በ2010 ዓ.ም. አጋማሽ የሱዳን ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አጥሯቸው ደንበኛው የራሱን ገንዘብ እንኳ በቀን በተወሰነ መጠን ብቻ እንዲያወጣ አደረጉ። ሰው ሰልፍ ይዞ የሚውለው በዳቦ ቤት ብቻ ሳይሆን በባንክ ደጃፍም ሆነ። በባንክ ያስቀመጠ ሰው በችግሩ ጊዜ ገንዘቡን አላገኘውም፤ በቤቱ ያስቀመጠ ደግሞ ባገኘው ጊዜ ዋጋ አጥቶ አገኘው።

ከዚህ ሁሉ ወጪ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻው፣ የጤና ምርመራው፣ ወረቀቷ ያላለቀ እንደሆነም መቀጫው ይታከላል። እነዚህ በስልክ የማይነገሩ ወጪዎች ናቸው፤ ላኪዋ እናቷን እንዳታሳዝን ትደብቃቸዋለች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሥዑር ነበረ። በዴምና በጀሪፍ ያሉ ክርስቲያን ወገኖቻችን ለፋሲካ ሲዘጋጁ፣ ሙስሊሞቹም የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ሲጾሙ፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተጎራበተ በመሆኑ ከመጀመሪያው ሰዓት አንሥቶ በተኩሱ መካከል ወደቀ። ውኃና መብራት ተቋረጠ፤ ቤቶች ተዘረፉ። የውጭ ዜጎች በየአገራቸው መንግሥት ተጓጉዘው ሲወጡ፣ ባለጸጎቹም ወደ ግብፅ ሲሸሹ፣ የቤት ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ ጋር ቀረች። ያን ጊዜ የኑሮ ውድነት ማለት የዳቦ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ በወድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጎ ገላባት የሚደርስ የአውቶቡስ ወንበር ዋጋ ሆነ። ታሪፉ በቀናት ውስጥ ከብዙዎቹ ዐቅም በላይ ናረ፤ ወርቋን በእጇ ያኖረችው አምባሯን አውልቃ ተሳፈረች፤ ገንዘቧን በባንክ ያኖረችው የባንኩን የተዘጋ በር አይታ ተመለሰች። በእጅ ስልክ ገንዘብ ለማስተላለፍ የሚያስችለው «ባንካክ» የተባለው የካርቱም ባንክ አገልግሎት፣ መስመር በተገኘ ጊዜ ሁሉ፣ ለብዙ ሰው ብቸኛ መውጫ ሆኖ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን የተሻገረው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ሲሆን ተመላሽ ወገኖቻችን ከእነዚያ መካከል ናቸው።

ሁሉም ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። አንዳንዶቹ መንግሥቱ ወደ ተዛወረባት ወደ ፖርት ሱዳን ወረዱ። የተፈናቀለው ሁሉ እዚያው ስለ ተሰበሰበ የከተማይቱ ኪራይ ከካርቱሙ የባሰ ሆነ። ከዚያች ከተማ በስተ ደቡብ ባለችው በጥንታዊቷ ሱዋኪን በሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ የውጭ መርከበኞች ያርፉ ነበር። መርከበኛ የወደቡ ኑሮ ሲወደድበት መልሕቁን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ወደብ ይቀዝፋል። የእኛ እኅት ግን የምትነቅለው መልሕቅ የላትም፤ ደሞዟ በአሠሪዋ፣ አንዳንዴም ፓስፖርቷ ጭምር በአሠሪዋ እጅ ነው።

ለቤተሰብ የምንመክረው ጥቂት ነው። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ስትነጋገሩ «ስንት ይከፍሉሻል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቁጥሩ አይረዳችሁምና። ይልቅ «ኪራይሽ ከደሞዝሽ ስንት እጁ ነው? ከወሩ ወጪ በኋላ ምን ይተርፍሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። የላከችውንም ገንዘብ ለዕለት ፍጆታ ብቻ ከማዋል ከፊሉን ለራሷ መመለሻ አስቀምጡላት። በዚህ ረገድ የእኛም ብር ቢሆን እንደ ቆመ አልቀረም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ለልጅቷ በብር የተቀመጠላት ገንዘብ እንዳይሟሟ ጥጃም፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮም፣ የልብስ ስፌት መኪናም ብትገዙላት ከወረቀቱ ይሻላል።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሠራዊት የካርቱምን ቤተ መንግሥትና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ካርቱም የሚመለሱ አሉ፤ ከወገኖቻችንም መካከል ለመመለስ የሚያስቡ አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር እንዲያውቁ እንሻለን። የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ ይዞታ ሥር በነበሩ ግዛቶች የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ወረቀቶችን በአዲስ ለውጧል፤ በእነዚያ ግዛቶች አሮጌዎቹ ከተወሰነው ቀን በኋላ መገበያያ መሆናቸው ቀርቷል። ለውጡ የተካሄደው በባንክ ሒሳብ በኩል ስለ ነበር በችኮላ ድንበር ተሻግረው በሻንጣቸው አሮጌ ወረቀት ይዘው የመጡት ዕድሉ አልደረሳቸውም። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ፣ «እኔ በደኅና ዋጋ እገዛችኋለሁ» ለሚል ደላላ የጉዞ ወይም የኮሚሽን ገንዘብ አስቀድማችሁ እንዳትሰጡ። በጥቁር ገበያ አንዱ ዶላር ከ2,000 ፓውንድ በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ አዲሱም 1,000 ፓውንድ ቢሆን ግማሽ ዶላር አይሞላም።